ደረቅ ቅጠልና ቡኒ ኮት

ልብስ ሰፊው በዚያ ቀን ከቤቱ ሲወጣ «እምቢ»ን ተኩሶ፣ አጥፎ፣ ኪሱ ከትቶ ነበር የወጣው። የቀረው ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መዘርጋት ብቻ ነበር። ሰፈርተኛው «ጋሽ ሚሊ» ይለዋል፤ ከሚሊሜትር የተቆረጠ ስም ነው። ደንበኛ መጥቶ «ትንሽ ሰፋ ይበልልኝ» ሲለው «ትንሽ የሚባል ቁጥር ሜትሬ ላይ የለም» ብሎ የሚያባርር ሰው ሌላ ስም ቢወጣለት ነበር የሚገርመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሚሊ አንዲት ልጅ አለችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሱቁ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን ሲንጫጫ ይውላል፤ አንዱን እሱ ይረግጣል፣ አንዱን እሷ። በመኪናው ጩኸት ላይ እየጮሁ ይጨቃጨቃሉ፣ እየጮሁ ይሳሳቃሉ፣ አላፊ አግዳሚው የተጣሉ ይመስለዋል። ይህች ልጅ ታዲያ አንድ ቀን ክር በጥርሷ እየበጠሰች «አባዬ፣ ላገባ ነው» አለችው።

«ማንን?»

«ቢራቢሮ የሚጠብቅ ልጅ።»

ጋሽ ሚሊ ያን ቀን የአንድ ምስኪን ሰው ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሮ ሰፋ። እንዲህ ያለ ጉድ በሙያ ዘመኑ ደርሶበት አያውቅም።

«ቢራቢሮ ይጠበቃል እንዴ? በግ ነው? ማን ይነዳዋል?»

«ሥራ ነው አባዬ። በመስታወት ቤት ውስጥ ያረባቸዋል፣ ይመግባቸዋል፣ ሰው ከፍሎ ገብቶ ያያቸዋል።»

«ከፍሎ! ዝንብ ለማየት!»

ክርክሩ ሰነበተ። በመጨረሻ ልጅቷ «ሥራውን በዓይንህ እይ። አይተህ እምቢ ካልክ ቃል አልተነፍስም» አለችው፤ እሱም እሺ አለ። የልቡን ግን ለማንም አልነገረም። ቢራቢሮውንም ወጣቱንም ጠልቶ አልነበረም። የፈራው ያንን ሁለተኛ መኪና ነው። እሷ ሄዳ፣ መኪናው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ተቀምጦ፣ እሱ ብቻውን ሲረግጥ ሱቁ ውስጥ የሚሆነውን ጸጥታ ነው። ይህን ከመናገር ደግሞ «ዝንብ» ማለት ይቀላል።

ሲወጡ ልጅቷ አንድ ሙዝ የኮቱ ኪስ ውስጥ ጨመረችለት። ጥርሱ ከላላ ወዲህ የበሰለ ሙዝ አይበቃውም፤ ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ ሌላ ሰው የሚጥለው ሲሆን ነው ለእሱ የሚጥመው። ኮቱ ያው ቡኒው ኮት ነው። በጋ ከክረምት፣ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ አይወልቅም። ማታ ሲያወልቀው እንኳ በሩን ዘግቶ ነው፣ ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅሎ ይቆልፍበታል። «አባቴ ኮት አይለብስም፣ ኮቱ ነው አባቴን የሚለብሰው» እያለች ልጅቷ ትስቅበታለች።

የመስታወት ቤቱ ሁለት በር አለው። በሁለቱ መሃል እንደ ቁም ሳጥን የጠበበች ክፍል አለች፤ ከፊትም ከኋላም ሰው የሚያክል መስታወት ተሰቅሎባታል። እዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጠው በር ጠባቂ ድምፅዋ ከወንበሯ ይበልጣል። «ስትወጡ እዚህ ቆማችሁ ትዞራላችሁ! ቢራቢሮ ልብስ ላይ ተለጥፎ ይወጣል! አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም!» አለቻቸው። ጋሽ ሚሊ መስታወቶቹን በሙያ ዓይን አያቸው። ቀጥ ብለው ተሰቅለዋል። ቢያንስ ይህን የሰቀለ ሰው ሥራ ያውቃል አለ በልቡ።

የውስጡ በር ሲከፈት ሙቀቱ ፊቱን መታው። ካውያ ከእርጥብ ጨርቅ ላይ የሚያስነሳው ዓይነት እንፋሎት ነው፤ የካውያው ግን ይቆማል፣ ይሄኛው አይቆምም። ጣሪያ የሚነኩ ሰፋፊ ቅጠሎች፣ አረንጓዴ ሻጋታ የወረሳቸው ግንዶች፣ በድንጋይ መሃል የምትንሿሿ ትንሽ የውኃ ቦይ። እዚህም እዚያም ሳህን ላይ የበሰበሰ ፍራፍሬ ተቀምጧል። ከቅጠሎቹ መሃል አንድ ቀጭን ወጣት መነጽሩ ጉም እንደለበሰ ብቅ አለና፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሙሉ አክብሮት «እንኳን ደህና መጡ አባባ» አለ።

ያለው ለግንዱ ነበር። ጋሽ ሚሊ ከግንዱ ጎን ነው የቆመው።

«እኔ ይሄኛው ነኝ» አለ ጋሽ ሚሊ።

ባለ ቢራቢሮው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና አገኘው። መነጽሩን መልሶ ሲያደርግ ወዲያው ደፈነበት። ልጅቷ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ቅጠሉ አዞረች።

ነጩንም ቢጫውንም አሳያቸው። ጋሽ ሚሊ «ይህማ ከጠረጴዛዬ ሥር የምጠርገው የጨርቅ ቁርጥራጭ ነው» አለ። ወጣቱ አልተቀየመም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዋናዋን ገና አላዩም» አለና አንድ ግንድ ፊት ለፊት ካለ አግዳሚ ወንበር አደረሳቸው። ግንዱ ላይ ቁልቁል የተዘቀዘቀች አንዲት ደረቅ ቅጠል አለች።

«ይቺ ናት» አለ።

«ይቺማ ቅጠል ናት።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት!» ወጣቱ ደስታው ሊያስዘልለው ደረሰ። «ዝናብ የማያቋርጥበት ሞቃት ደን ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ከላይ ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ ፀሐይ መሬት ለመድረስ መንገድ በሚጠፋባት ቦታ። እንደ ሌሎቹ አበባ ለአበባ አትዞርም። ጥላ ውስጥ፣ ጅረት ዳር፣ መሬት የወደቀ ፍሬ ሲበሰብስ ጭማቂውን ትመጥጣለች። ወፍ ሲመጣባት እንዲህ ክንፏን ገጥማ ጭጭ ትላለች። አዩት ያንን መሃሉን የሚያልፍ መስመር? የቅጠል ጅማት አይመስልም? ጫፏ ላይ ያለችው ጭራም የቅጠል ዘንግ ናት። ሻጋታ የመሰለ ነጠብጣብ ሁሉ አላት። የክንፏ ውስጠኛው ገጽ ግን… አባባ! ጥልቅ ሰማያዊ ነው፣ በላዩ ላይ ሰፊ ብርቱካንማ መቀነት፣ ጫፉ ጥቁር። ያለችን ደግሞ ይህች አንዷ ብቻ ናት።»

ጋሽ ሚሊ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እንግዲያው ጥሩውን ጨርቅ ገበር አድርጎ፣ ተራውን ከላይ? ደንበኛ ይህን ቢያዘኝ ከሱቄ ነበር የማስወጣው። ማነው እንዲህ አድርጎ የሰፋት?»

«ፈጣሪ ነው አባባ።»

ጋሽ ሚሊ ትንሽ ደነገጠ። «እንግዲህ… ቸኩሎም ይሆናል» አለና፣ እጁ ሳያስበው የኮቱን የላይኛ ቁልፍ ነካ። ቁልፉ ተቆልፏል።

«ታዲያ ክንፏን ትግለጥና እንያት።»

«ሰው ሲያያት አትገልጥም። አንዳንዴ እንዲሁ ተቀምጣ ትውላለች።»

ይህን ሲሰማ የጋሽ ሚሊ ዓይን በራ። «እምቢ» ብሎ ከልጁ ጋር ከመኳረፍ፣ «እምቢ»ውን ራሷን ቢራቢሮዋን ቢያስብላትስ? ብድግ ብሎ «እሺ፣ እንዋዋል!» አለ። «ይህ ቤት ሳይዘጋ ይህች ቅጠልህ ክንፏን ከገለጠች ልጄን አግባ። ካልገለጠች ግን ሱቄ ደጃፍ ላይ እንዳላይህ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!»

«አባዬ» አለች ልጅቷ፣ «የወለድከውማ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሚሊ አልሰማትም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እነሆ ሦስቱም በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ልጅቷን መሃል አድርገው፣ ቅጠል እያዩ ተቀመጡ። ጋሽ ሚሊ ሲቀመጥ ሙዙ ላይ ነው የተቀመጠው። አንዳች የለሰለሰ ነገር ከሥሩ ጭጭቅ ሲል ተሰምቶታል፤ ግን ከቅጠሏ ላይ ለአፍታ ዓይኔን ብነቅል ያታልሉኛል ብሎ አልተነቃነቀም። ላቡ በጆሮው ግንድ ይወርዳል።

«አባባ፣ ኮቱን ያውልቁት እንጂ፣ ይታመማሉ።»

«በርዶኛል።»

«አባዬ፣ ላብህ እየተንጠባጠበ?»

«የብርድ ላብ ነው።»

ሰዎች መጡ፣ ሄዱ። አንዳንዱ ሦስት ጤነኛ ሰው ወደ ግንድ አፍጥጦ ሲያይ እሱም ቆሞ ያፈጣል፣ ምንም ሲያጣ ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል። ወጣቱ በየመሃሉ እየተነሳ ሥራውን ይሠራል። አንዲት ክንፏ የተሸረከተ ቢጫ ቢራቢሮ መሬት ላይ አገኘና፣ ጣቱ ላይ አስወጥቶ፣ ስኳር ውኃ አጠጥቶ፣ ቅጠል ላይ አስቀመጣት። «ክንፏን በጣት አይነኩትም፣ ቀለሟ ይራገፋል» አለ ለራሱ እንደሚናገር። ጋሽ ሚሊ በዓይኑ ጥግ አየው። ሐር የሚይዝ ሰው እንዲህ ነው የሚይዘው። ይህን በማሰቡ በራሱ ተናደደ።

የባሰው ደግሞ የወጣቱ ሸሚዝ ነበር። ሆዱ ላይ ያለው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጋሽ ሚሊ ቅጠሉን ያያል፣ ቁልፉን ያያል፣ ቅጠሉን ያያል። በመጨረሻ አልቻለም።

«ወዲህ ና! ቅረብ!»

ከኮቱ ኮሌታ ሥር ሁልጊዜ የማትጠፋውን መርፌ መዘዘ።

«አባባ፣ እኔ ራሴ ነበርኩ የተከልኩት» አለ ወጣቱ አፍሮ።

«ያስታውቃል። ሆድህን አስገባ፣ እንዳልወጋህ። ደግሞ በዚህ ተስፋ እንዳታደርግ፤ ጠብ ሌላ፣ ቁልፍ ሌላ።» እያጉረመረመ፣ ዓይኑን አንዴ ከመርፌው አንዴ ከቅጠሉ እያመላለሰ፣ ቁልፉን አጥብቆ ተከለለት። ልጅቷ ወደ ጣሪያው አየች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር።

ከሰዓቱ ሲያረጅ ከጣሪያው ላይ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። ደኑ የሚጠጣው ርጭት ተከፈተ። ጤዛው ቅጠሎቹን ሁሉ አረጠበ፣ ግንዱንም አረጠበ። በዚህ ጊዜ ያቺ የተከበረች፣ ሦስት ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቃት የዋለች ነገር ከግንዱ ተላቀቀች፣ ተገለባበጠች፣ ቦዩ ውስጥ ጠብ አለችና በውኃው ላይ እየተንሳፈፈች ትሄድ ጀመር።

ባለ ቢራቢሮው «ወየው!» ብሎ ተወርውሮ፣ እስከ ጉልበቱ ቦዩ ገብቶ፣ በሁለት እጁ አፈሳት። አፍንጫው ድረስ አስጠጋት። መነጽሩን አወለቀ። ደግሞ አያት።

«ቅጠል ናት» አለ።

«ምን?»

«ደረቅ ቅጠል። ጠዋት መነጽሬ ደፍኖብኝ…»

ጋሽ ሚሊ ሳቁ ከሆዱ ፈነዳ። «ቀኑን ሙሉ! ቅጠል ስንጠብቅ! ከብት እንኳ ቅጠል ሲያይ ይበላዋል እንጂ ተቀምጦ አይጠብቀውም!» ወጣቱ ከቦዩ ሳይወጣ ቆሞ ጫማው ውኃ ይጠጣል። ልጅቷ ቃል አልተነፈሰችም፤ ቃሏ ነበራ። ጋሽ ሚሊ ያሸነፈ ሰው ነው፣ ግን ሳቁ እንዳሰበው ብዙ አልቆየለትም። ፊቷን አየና አቆመ።

ይህኔ በር ጠባቂዋ «ልንዘጋ ነው! መውጫ!» እያለች ጮኸች። ሦስቱም ወደ መስታወቷ ክፍል ሄዱ።

«ዙሩ አባቴ» አለችው በር ጠባቂዋ።

ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያዞር የኖረ ልብስ ሰፊ፣ የራሱ ተራ ደርሶ ዞረ።

«ኮትዎ ላይ ቅጠል ይዘዋል። ከኋላ፣ ከኪስዎ በታች። ቆዩ ላራግፍልዎ…»

«አትንኪው!» ብሎ ባለ ቢራቢሮው ጮኸ። በአራት እግሩ ተንበርክኮ አፍንጫውን ወደ ኮቱ ጫፍ አስጠጋ። የተጨፈለቀው ሙዝ ጭማቂ በኪሱ ስፌት አልፎ ወደ ውጭ ፈስሷል። እላዩ ላይ፣ ቡኒ በቡኒ ላይ፣ አንዲት ደረቅ ቅጠል ቀጭን ምላሷን ዘርግታ ትጠጣለች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እነዚህ ደግሞ የግንዱን ሲጠብቁ የዳሌውን ዘንግተው ዋሉ።

«አይተንፍሱ አባባ! ሳህን ላምጣ፣ ፍሬ አሽትታ ትወርዳለች!» ወጣቱ ወደ ውስጥ ሮጦ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ልጅቷ «ቆይ፣ አታይም እኮ!» ብላ እጁን ይዛ ተከተለችው። በር ጠባቂዋ ደግሞ ከውጭ ሰው እንዳይከፍት ወጥታ የውጭውን በር ከኋላዋ ዘግታ በጀርባዋ ተደግፋ ቆመች። የውስጡን በር በጥድፊያው የዘጋው አልነበረም።

ጋሽ ሚሊ በሁለቱ መስታወቶች መሃል ብቻውን ቀረ። የፊተኛው መስታወት የኋለኛውን ያሳየዋል፣ የኋለኛው ጀርባውን። ላብ ከቅንድቡ ተንጠባጠበ። አልተንቀሳቀሰም።

ቅጠሏም ክንፏን ገለጠች።

ገለጠች ስል ደግሞ ለዓመል ያህል አይደለም፤ ወለል አድርጋ ዘረጋችው። በቡኒው ኮት ጫፍ ላይ ማታ ሰማይ ሊጨልም ሲል የሚይዘው ዓይነት ሰማያዊ በራ። በላዩ ላይ ከትከሻ ወደ ጎን የሚያልፍ ሰፊ ብርቱካንማ፣ ጠርዙ ጥቁር፣ ጥቁሩ ውስጥ ደግሞ ብል የበሳው የመሰለ አንድ ትንሽ የጠራ ነጥብ። ጋሽ ሚሊ ስፌት ፈለገ፤ የለም። መገጣጠሚያ ፈለገ፤ የለም። አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ክንፏን ገጠመች፣ እንደገና ቅጠል ሆነች፣ ብድግ አለችና በተከፈተው በር ወደ ዛፎቹ ገባች።

ማንም አላየም።

ቤቱ ገና አልተዘጋም። ጋሽ ሚሊ ይህን ያውቃል። ዝም ቢል ደግሞ አሸናፊ እሱ መሆኑን ያውቃል። ልጁ ነገም ተነገ ወዲያም ሁለተኛው መኪና ላይ ናት፣ እየጮኸች ትጨቃጨቀዋለች፣ ክር በጥርሷ ትበጥሳለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እንኳን እሱ፣ ግንድም ዝም ይላል።

ሁለቱ ሳህን ይዘው እያለከለኩ ተመለሱ።

«የታለች?» አለ ወጣቱ።

«ገባች።»

«ክንፏ አልተጎዳም? ደህና ናት?»

ስለ ውሉ አልጠየቀም። ጋሽ ሚሊ ይጠይቀኛል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቢጠይቀው ኖሮ ምናልባት ይዋሽ ነበር። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። ይህን ተረት ስንት ጊዜ ተናግሮታል፤ እንዲህ በቁሙ የሚወስደው መቼ መስሎት!

«ገልጣለች» አለ።

«ምን?»

«ክንፏን። ገለጠች። አየሁ። በቃ።»

ልጅቷ ተጠግታ ክንዱን ያዘችው። «አባዬ፣ ለእኔ ብለህ አትዋሽ።»

«አልዋሸሁም!»

«ልቤ ተነክቷል አባባ» አለ ወጣቱ፣ «ግን ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ልጅዎን አልወስድም።»

«እኔ አየሁ እያልኩህ! ተሸነፍኩ እያልኩህ!» የጋሽ ሚሊ ጢም ተንቀጠቀጠ። ተሸናፊ ሰው መሸነፉን ለማስረዳት እንዲህ ሲለምን ታይቶ አይታወቅም። «ሰማያዊ ነው፣ ብርቱካንማ መቀነት አለው፣ ጫፉ ጥቁር…»

«ይህንን እኮ ጠዋት እኔው ነኝ የነገርኩዎት።»

«ብርቱካንማ አልከኝ እንጂ የትኛው ብርቱካንማ እንደሆነ መቼ ነገርከኝ! ብርቱካንማ አንድ ነው እንዴ? ስንት ዓይነት አለ!» ንዴቱ ዓይኑን ጋረደው። «ይህ ነው! ይኸው! ይህ!» ብሎ፣ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ፈትቶ፣ ኮቱን በሁለት እጁ ወለል አድርጎ ከፈተው።



ገበሩ ብርቱካንማ ነበር። በጣም የሚያበራ፣ ጥቃቅን ሰማያዊ አበባ የፈሰሰበት፣ የሴት ቀሚስ ጨርቅ።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። «የእማዬ ቀሚስ ነው» አለች። «ሰጠሁት ብለኸኝ ነበር።»

«ሰጥቼዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለኮቱ።»

ጋሽ ሚሊ ከንዴቱ ገና አሁን ነቃ። ኮቱን ሊገጥም እጁን አነሳ፤ ግን ልጅቷ ጨርቁን ይዛ ጉንጯን አስደግፋበታለች። እሱም እጁን መለሰ። ሚስቱ ናፍቃው ነው፤ ሌላ ምን ይባላል። በየቀኑ ናፍቃው ነው፣ ለዚያ ነው የለበሳት።

ባለ ቢራቢሮው መነጽሩን አውልቆ አፍንጫውን ወደ ገበሩ አስጠጋ። ረጅም ጊዜ አየ። «ይህ ከሆነ» አለ፣ «በእርግጥ ገልጣለች።»

«አላልኩህም? ሰኞ ሱቅ ና። ከሠርጉ በፊት ቁልፍ መትከል ትማራለህ። ከዚያም ወዲህ ሥራ በሌለህ ቀን ሁለታችሁም ትመጣላችሁ፤ ሁለተኛው መኪና ጨርቅ እንዳይለብስብኝ።» ከዚያ ኮቱን ሙሉ በሙሉ አወለቀና ሰጠው። «ያዝልኝ፣ ሙቀቱ ገደለኝ።»

ወጣቱ ኮቱን በጠርዙ ብቻ፣ በሁለት እጁ፣ መሃሉን ሳይነካ ተቀበለ።

በር ጠባቂዋ የውጭውን በር ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች። «እስካሁን አልወጣችሁም? ዙሩ አባቴ፣ ልይዎት።»

ጋሽ ሚሊ በሸሚዙ ብቻ በመስታወቱ ፊት ቀስ ብሎ ዞረ።

«ምንም የለብዎትም» አለችው። «ይለፉ።»